የማይታየው ጢስ በምን እንደ ታየ

አንድ ሸክም እንጨት ነዶ ሲያልቅ የሚቀረው ጥቂት ዕፍኝ አመድ ነው። የቀረው እንጨት ወዴት ሄደ? አልጠፋም። ዐይን ሊያየው፥ አፍንጫም ሊያሸተው የማይችል አየር ሆኖ ከእንፋሎት ጋር ወጣ። ይህም አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል።

ቤንዚንም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ክብደቱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ በመኪና ውስጥ ሲነድ ግን ከ2 ኪሎ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ይህ ተረት አይደለም፤ በሚነድበት ጊዜ ከነፋሱ ኦክሲጅን ወስዶ ከራሱ ጋር ያዋሕዳልና። በዓለም ሁሉ ከሚነደው የድንጋይ ከሰል፥ ዘይትና ጋዝ በየዓመቱ የሚወጣው 37 ቢሊዮን ቶን ያህል ነው። እንዲህ ያለ ቍጥር ግን በአፍ ይነገራል እንጂ በልብ አይገባም።

ምድር ከፀሐይ ያገኘችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ስትመልስ፥ ይህ አየር እንደ ጋቢ ይይዘዋል፤ እርሱ በበዛ መጠን ምድር ትሞቃለች።

ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ይህን አየር በጠርሙስ እየያዘ ይመረምር ነበር። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1958 ዓመት፥ በሃዋይ ደሴት ባለው በማውና ሎአ ተራራ ላይ፥ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፥ ከከተማና ከፋብሪካ ርቆ መለካት ዠመረ። ተራራው ራሱ እሳተ ገሞራ ነውና፥ የገሞራው ጢስ የነፈሰበት ሰዓት ልክ ከቍጥሩ ተለይቶ ይጣላል። በመዠመሪያው ልክ፥ አየሩ በሚሊዮን እጅ ቢከፈል 313ቱ እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ተገኘ።

የልኩ ነጥቦች በወረቀት ላይ ተያይዘው መስመር ሆኑ። መስመሩም እስከ ግንቦት ይወጣል፥ እስከ መስከረም ይወርዳል። በሰሜን ያለው ሰፊ ደን በበጋው ወራት ቅጠል ሲያወጣ ይህን አየር ይመገባል፤ ቅጠሉ ረግፎ ሲበሰብስ ይመልሰዋል። እነሆ፥ የምድር እስትንፋስ በወረቀት ላይ ታየ! ነገር ግን የየዓመቱ ጫፍ ካለፈው ዓመት ጫፍ ይበልጥ ነበር። ቍጥር የማያውቅ ሰው እንኳ መስመሩን በጣቱ ቢከተል ወዴት እንደሚሄድ ያያል።

አየርን ዘወትር መለካት ምን ይጠቅማል የሚሉ ሹማምንት ነበሩና፥ በ1964 ገንዘብ ጐደለ፤ ልኩም ለጥቂት ወራት ተቋረጠ። ያ ክፍት ስፍራ እስከ ዛሬ በመስመሩ ላይ ይታያል፤ የሚሞላውም የለም፥ የዚያ ጊዜ ነፋስ አልፏልና።

ኪሊንግ በ2005 ሞተ፤ ልጁም ራልፍ ሥራውን ያዘ። በ2013 የቀኑ ልክ ከ400 አለፈ፤ የ2024 አማካይ ልክ 424 ሆነ። በ2022 ገሞራው ፈንድቶ መንገዱንና የኤሌክትሪኩን መስመር ቈረጠ። ሠራተኞቹ ግን ማውና ኬአ ወደሚባለው ወደ ጎረቤቱ ተራራ ሄደው፥ ከጥቂት ቀን በኋላ መለካት ቀጠሉ።