ስለ ስቲከር ጽሕፈት አዘገጃጀት

በአዲስ አበባ ጎዳና የሚመላለስ ሰው በመድኃኒት ቤት መስኮት፣ በታክሲ የኋላ መስተዋት፣ በትምህርት ቤት በርና በሱቅ ግንባር ላይ ከሚያነባቸው ጽሕፈቶች ብዙዎቹ፣ የቀድሞው የሰሌዳ ሠዓሊ በብሩሽ ይጽፋቸው እንደ ነበሩት ሳይሆን፣ ስቲከር ከምንለው ባለ ማጣበቂያ የፕላስቲክ ሉህ በመኪና ተቈርጠው የተለጠፉ ናቸው። ባለሙያዎቹ ፕሎተር የሚሉትን ይህን መኪና ሲሠራ ያየ ሁሉ ፍጥነቱንና አለመሳሳቱን ያደንቃል፤ አድናቆቱም የተገባ ነው። እኔ ግን ከመኪናው ይልቅ ላመሰግነው የምወድደው፣ ሥዕሉ ወደዚያ ከመድረሱ አስቀድሞ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ የእያንዳንዱን ቀለም ድርብ ለይቶ የሚያሰናዳውን ሰው ነው፤ የሰሌዳው ውበትም ሆነ ዕድሜው በአብዛኛው የሚወሰነው ቢላዋው ከመንቀሳቀሱ በፊት በሚደረገው በዚያ ዝግጅት ነውና።

የፕሎተር አሠራር ሲመረመር ጥበቡ ቀላል ሆኖ ይገኛል። ሉሁ በጎማ ተሽከርካሪዎች ተይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሳብ፣ ቢላዋውን የያዘው ራስ ከግራ ወደ ቀኝ ይመላለሳል፤ ከነዚህም ከሁለቱ እንቅስቃሴዎች ጥምረት ቀጥታውም ጥምዙም መስመር ይወለዳል። ቢላዋው ለተለመደው ስቲከር በ45 ዲግሪ የተሳለ፣ በመያዣውም ውስጥ በነጻ የሚሽከረከር ሲሆን፣ ጫፉ ከመሽከርከሪያው ማእከል ጥቂት፣ በብዙዎቹ 0.25 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ፈቀቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ መስመሩ ወደ ሄደበት እየተጐተተ ፊቱን ራሱ ያዞራል። የሚጫንበትም ኃይል በግራም የሚለካ ነው፤ ይኸውም ስቲከሩን ፈጽሞ ቈርጦ ከሥሩ ያለውን የጀርባ ወረቀት ሳይበሳ ይተወው ዘንድ ነው። የተራው ስቲከር ውፍረት 0.075 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን የሚያስብ ሰው፣ ይህ ልክ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ይረዳዋል።

ይህ ዐይነት መኪና በሰሌዳ ሥራ ውስጥ የገባው በአሜሪካ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ በዚህ ረገድ ስሙ በቅድሚያ የሚነሣው ጆሴፍ ገርበር ነው፤ እርሱም በ1924 በቪየና ከተማ ተወልዶ፣ በናዚዎች ዘመን ከደረሰበት መከራ አምልጦ በ1940 አሜሪካ የገባ፣ በኮምፒዩተር እየታዘዘ የልብስ ጨርቅ የሚቈርጠውንም መኪና አስቀድሞ ያበረከተ መሐንዲስ ነበር። ብዙዎቹ ፕሎተሮች ትእዛዝ የሚቀበሉበት ቋንቋ ደግሞ ሂውለት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ በብዕር ለሚሥሉ መኪናዎች ያዘጋጀው ነው፤ ትእዛዛቱም በመሠረቱ ብዕር አንሣ፣ ብዕር አውርድ፣ ወደዚህ ነጥብ ሂድ የሚሉ ሲሆኑ፣ የርምጃው መለኪያ 0.025 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ ሌላ መኪናው አንዳች አያውቅም፤ ቀለም አያውቅም፣ ጥላ አያውቅም፣ ፊደልን ከአበባ አይለይም።

እንግዲህ ለዚህ መኪና የሚሰጠው ሥዕል ከነጠብጣብ የተሠራ ፎቶግራፍ ሊሆን አይችልም፤ በሒሳብ የሚገለጥ መስመር፣ ይኸውም ቬክተር የሚባለው፣ መሆን አለበት። የዚህ መስመር ምሥጢር የተገኘው በፈረንሳይ የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ነው። ፖል ደ ካስተልዦ በሲትሮኤን በ1959፣ ፒየር ቤዚዬ ደግሞ በሬኖ በ1960ዎቹ፣ የአውቶሞቢልን አካል ጕብጠት በሒሳብ ለመግለጥ ሲደክሙ፣ አንድን ጥምዝ መስመር በሁለት ጫፎቹና ወደ ጐን በሚስቡት በጥቂት መሪ ነጥቦች ብቻ መወሰን እንደሚቻል አገኙ፤ የሲትሮኤኑ ሥራ በፋብሪካው ምሥጢርነት ተይዞ ስለ ቈየም መስመሩ በቤዚዬ ስም ተጠርቶ ቀረ። ዛሬ በማስታወቂያ ቤቶቻችን በኮረል ድሮው ወይም በኢሉስትሬተር የሚሣለው ጥምዝ የዚህ ሒሳብ ልጅ ነው፤ ስለዚህም የመዳፍ ስፋት ያለው ሥዕል ወደ ዐሥር ሜትር ቢሰፋ ጠርዙ አይሻክርም።

ባለጉዳይ ግን ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው በስልክ የተላከ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ነው። ይህን ኮምፒዩተሩ ራሱ ወደ መስመር እንዲለውጠው የሚያዝዝ ሰው ሥራውን በአንድ ጊዜ የጨረሰ ይመስለዋል፤ የተገኘውን አቅርቦ ሲያየው ግን፣ በአራት ነጥብ ሊሣል በሚችለው ክብ ላይ ነጥቦች ያለ ልክ ተዘርተውበት ያገኛል፤ ቢላዋውም በየነጥቡ አቅጣጫውን ስለሚያርም ጠርዙ ጥርስ ያወጣል። ስለዚህ ጠንቃቃው ባለሙያ ፎቶግራፉን ከሥር አንጥፎ፣ በላዩ እንደ ገና በእጁ ይሥላል። ይህ ድካም በእኔ ግምት የሙያው እውነተኛ መለኪያ ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ «መድኃኒት ቤት» የሚል ሰሌዳ እናዘጋጅ እንበል፤ ፊደሉ አረንጓዴ፣ ዙሪያው በቢጫ የተከበበ፣ ከሥሩም ጥቁር ጥላ ያለው፣ በነጭ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ይሁን። በኮምፒዩተር ይህ ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ተሠርቶ አምሮ ይታያል፤ ለቢላዋው ግን ገና ምንም አልተዘጋጀም። በመጀመሪያ የተተየበው ፊደል መስመር መሆን፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ወደ ከርቭ መለወጥ አለበት፤ አለዚያ የፊደሉ ዐይነት በመቍረጫው ክፍል ኮምፒዩተር ላይ ሳይኖር ቢቀር፣ ጽሕፈቱ መልኩን ለውጦ ወይም ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በፊት ግን ቃሉ በትክክል መጻፉን ሌላ ሰው ያንብበው፤ መስመር ከሆነ በኋላ በኪቦርድ ሊታረም አይችልምና፣ በአደባባይ ለዓመታት የሚቆም የፊደል ግድፈትም ለቋንቋው ክብር ለሚቈረቈር ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

ቢጫው ዙሪያ በኮምፒዩተሩ ላይ ወፍራም ሆኖ ቢታይም፣ መኪናው ውፍረቱን ሳያይ የመስመሩን መካከል ብቻ ተከትሎ ይቈርጣል፤ ስለዚህ ውፍረቱ ራሱን የቻለ፣ የራሱ ጠርዝ ያለው ቅርጽ ይደረጋል። ጥላውም ከጥቁር ወደ ግራጫ እየሳሳ የሚጠፋ ከሆነ ለቢላዋው ትርጕም ስለማይሰጥ፣ ጠርዙ በግልጽ የተወሰነ ወጥ ጥቁር ቅርጽ ሆኖ እንደ ገና ይሣላል። የጎረቤት ፊደላት ጥላም እርስ በርሱ ስለሚነካካ፣ ዌልድ በሚባለው ትእዛዝ ተዋሕዶ አንድ አካል ካልሆነ፣ ቢላዋው የየፊደሉን ጥላ ለብቻ እየዞረ መካከሉን ይከታትፈዋል።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን ሳልናገር ላልፍ አልወድም። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት ከተሠሩት የኮምፒዩተር ፊደላት አንዳንዶቹ ቦታ ስለሚጠብባቸው አንዱን ሆሄ ከአካሉና ከቅጥያው ገጣጥመው ያሳዩ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሆሄ ወደ ከርቭ ሲለወጥ ሁለት ተደራራቢ ቅርጽ ይሆናልና፣ ካልተዋሐደ ቅጥያው ከፊደሉ ተቈርጦ ይለያል። የ«መ» ሁለት ዐይኖች፣ የ«ቤ» ቀለበት፣ የ«ኒ» ቅጥያ፣ እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ብልቶች ትርፉ ስቲከር ከወረቀቱ ላይ ሲነቀል ይፈተናሉ፤ ብልቱ ከ2 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ከሆነ ከትርፉ ጋራ ተስቦ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ቀጭኑን አንገት ጥቂት ያወፍራል፣ ጠባቡን ዐይን ጥቂት ያሰፋል፤ ይህንም ሲያደርግ የፊደሉን መልክ እንዳያጐድፍ ከሩቅም ከቅርብም እያየ ሊመዝነው ይገባል፤ በችኮላ አወፍራለሁ ብሎ ዐይኑን የደፈነው ሆሄ ከሰሌዳው ባይገኝ ይሻላልና።

ከሁሉ ይልቅ አሳብ የሚጠይቀው ግን የድርቦቹ ሥርዓት ነው። አንደኛው መንገድ ሙሉ መደራረብ ነው፤ ጥቁሩ ጥላ ሙሉ ሆኖ ይለጠፋል፣ በላዩ ቢጫው፣ በዚያም ላይ አረንጓዴው። ይህ ለለጣፊው ቀላል ነው፤ እጁ ጥቂት ቢዛነፍ ከሥር ያለው ቀለም ጕድለቱን ይሸፍንለታል። ነገር ግን ቢጫ ብሩህ ቀለም ስለ ሆነ ከሥሩ ያለው ጥቁር እየዘለቀ ያደበዝዘዋል፤ በተነባበረው ጠርዝ ላይም አቧራ ይሰበሰባል፣ አየርም ይታፈናል። ሁለተኛው መንገድ፣ የብራና ጸሐፊ ጥቁሩን እየጻፈ ለቅዱሳን ስም ቦታ ትቶ ኋላ በቀይ እንደሚሞላው፣ እያንዳንዱ ቀለም ለሌላው ቦታውን እንዲለቅለትና ጠርዝ ለጠርዝ እንዲገጥም ማድረግ ነው። ይህ በኮምፒዩተሩ ላይ ፍጹም ሆኖ ይታያል፤ ስቲከር ግን በብራና ላይ እንደ ደረቀ ቀለም ባለበት አይጸናም፤ ይሰበሰባል።

የመሰብሰቡ ምክንያት በአሠራሩ ውስጥ ያለ ነው። ተራው ስቲከር የሚሠራው የጋለ ፕላስቲክ በከባድ የብረት ጥቅልሎች መካከል እየተዳመጠና እየተሳበ ነው፤ ይህም በግድ የተሳበ አካል ከተለጠፈ በኋላ ፀሐይ ባሞቀው ቍጥር ወደ ቀድሞ መጠኑ ሊመለስ ይሻል። ካስት የሚባለውና ዋጋው ከፍ ያለው ዐይነት ግን ፈሳሽ ሆኖ ተዘርግቶ ሳይሳብ የሚደርቅ ስለ ሆነ፣ ውፍረቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ባለበት ይጸናል። ተራው ስቲከር ጠርዝ ለጠርዝ ከተገጠመ፣ ውሎ አድሮ በሁለቱ ቀለሞች መካከል የሰሌዳው ነጭ እንደ ክር ሆኖ ብቅ ይላል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ የሁለቱን መንገድ መካከል ይይዛል። ጥቁሩን ከቢጫው ሥር ሙሉ በሙሉ አያስገባውም፤ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲገባ አድርጎ የቀረውን ከውስጥ ያወጣለታል፤ ይህችም ጥቂት ስፋት የእጅን መዛነፍና የሉሁን መሰብሰብ ሁለቱንም ትሸከማለች። አረንጓዴው ግን ከቢጫው የጠቈረ ስለ ሆነ በላዩ ሙሉ ሆኖ ቢደረብ ቀለሙ ብዙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ቢጫው ሳይፈለፈል ሙሉ ቅርጽ ሆኖ ሊቈረጥ ይችላል። በደጋ አገር ደግሞ የስቲከሩ ዐይነት ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይበረታልና፣ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ በዝቅተኛ አገር የተለመደው ዕድሜ ሳይሞላ ቀለሙ ሊለቅ ይችላል፤ ለዓመታት እንዲቆም ለታሰበ ሰሌዳ የካስት ዋጋ ቢከፈል እኔ ብክነት አልለውም።

ሥርዓቱ ከተወሰነ በኋላ እያንዳንዱ ቀለም ሌየር በሚባለው በየራሱ ድርብ ይቀመጣል፤ በሁሉም ሌየር ላይ ከሥዕሉ ውጭ በአንድ ቦታ የሚውሉ ትንንሽ ምልክቶች፣ መስቀል ወይም አራት ማእዘን፣ ይደረጋሉ፤ ኋላ በሰሌዳው ላይ ምልክት በምልክት ላይ ሲውል ቀለማቱ በየቦታቸው ይገኛሉና። ትርፉን ለሚነቅለውም ሰው እጅ መነሻ እንዲሆን በሥዕሉ ዙሪያ ሳጥን ይሣላል። ከዚያም ቀለሙን ሁሉ አጥፍቶ መስመሩን ብቻ መመርመር ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ያልተዘጋው ጠርዝና አንዱ በሌላው ሥር የተደበቀው ተመሳሳይ መስመር ይገለጣሉ። መስመሩ ሁለት ጊዜ ካለ ቢላዋው ሁለት ጊዜ ይሄድበታል፤ በሁለተኛውም ጊዜ የጀርባውን ወረቀት ይበሳል።

ሰሌዳው ከመስተዋት በስተውስጥ ተለጥፎ ከውጭ የሚነበብ ሲሆን ግን የተነገረው ተራ ይገለበጣል። ሥዕሉ ግራው ቀኝ ሆኖ ይቈረጣል፤ በመጀመሪያ የሚለጠፈውም አረንጓዴው ፊደል፣ ቀጥሎ ቢጫው፣ በመጨረሻ ጥቁሩ ጥላ ነው፤ የጥቁሩና የቢጫው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆነው መደራረብ ግን በዚህም አይለወጥም። ከዚህም ጋራ የስቲከሩ ማጣበቂያ ይታይ፤ ከውጭ ለሚያነብ ሰው ፊት ለፊት የሚታየው የማጣበቂያው ወገን ነውና፣ ማጣበቂያው ግራጫ የሆነ ስቲከር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጥቅልሉ ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት ጥጉን ገልጦ ማየት ይበቃል።