ስለ ሸክላና ስለ ካሴት፤ የትኛው ይቀመጥ፥ የትኛው ይውጣ?

ባለፈው ክረምት አንዲት አክስታችን ብዙ ዘመን ከኖሩበት ግቢ ለቅቀው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለ ባለ አንድ መኝታ ቤት ሲዛወሩ፥ ዕቃ በማጋዝ እንድንረዳቸው ጠርተውን ነበር። ከአልጋው ሥር ሁለት ካርቶን ወጣ። በአንዱ 14 ሸክላ፥ በሌላው 61 ካሴት ነበረበት፤ ሁሉም የሟች ባለቤታቸው ነበር። እርሳቸውም አየት አድርገው «ልጆቼ፥ ይህ ሁሉ በስልካችሁ ውስጥ አለ አይደለም ወይ? ቆራሌው ሲመጣ ስጡልኝ» አሉን።

እኛም «አዎን፥ አለ» ብለን ልንመልስ ቃጥቶን ነበር። ነገር ግን ሳይመረምሩ መፍረድ ለተማሪ የሚገባ ስላይደለ፥ ካርቶኖቹን በአደራ ተረክበን ወደ ማደሪያችን ወሰድናቸው። ቀጥሎ የምንገልጸው ከአንድ የክፍል ጓደኛችን ጋር በሁለት ወር ውስጥ የተረዳነውን ነው።

አስቀድሞ ስለ ዕቃዎቹ ጠባይ ጥቂት እንበል። ሸክላ ድምፅ በጠመዝማዛ ቦይ የተቀረጸበት ክብ ዝርግ ነው። መርፌዋ በቦዩ ወጣ ገባ ላይ ስትሄድ ትንቀጠቀጣለች፤ ንቅጥቅጡ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ያም ጐልቶ ይሰማል። የሀገራችንን ዘመናዊ ዘፈን ታሪክ ከዚህ ዕቃ መለየት አይቻልም። ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር በነበረበት ጊዜ፥ አቶ አምኃ እሸቴ ደፍረው እ.ኤ.አ. በ1969 የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ፤ እስከ 1975 ድረስም ከ100 የሚበልጡ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አወጡ። አቶ አሊ አብደላ ካይፋም በዚሁ ሥራ ተሰማሩ። ካሴትን ደግሞ የፊሊፕስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያቀረበው ሲሆን፥ በእኛ ዘንድ ሸክላን የተካው በደርግ ዘመን ነው። ርካሽ ነበር፤ ከዚያም በላይ ማንም ሰው በቤቱ ድምፅ ሊቀዳበት ይችል ነበር። ይህን ጠባዩን አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ስትሪሚንግ የሚባለው አሠራር ግን በአድማጩ እጅ የሚቀር ዕቃ የለውም። ዘፈኑ በሩቅ አገር በአንድ ኩባንያ ኮምፒዩተር ውስጥ ይቀመጥና፥ አድማጩ ሲጠራው በኢንተርኔት ጥቂት በጥቂት ይደርሰዋል። በሰከንድ 160 ኪሎቢት በሚሆን ጥራት አንድ ሰዓት ቢደመጥ 72 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል። አድማጩ የሚከፍለውም ዘፈኑን የራሱ ለማድረግ ሳይሆን የማዳመጥ ፈቃድ ለማግኘት ስለ ሆነ፥ ነገሩ ቤት በመግዛትና በመከራየት መካከል ያለውን ልዩነት ይመስላል። ካናዳዊው ዘፋኝ ኒል ያንግ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ስፖቲፋይ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተጣልቶ ዘፈኖቹ ተነሡ፤ የተመለሱት በመጋቢት 2024 ነው። በመካከሉ ወር በወር ሲከፍል የነበረውን አድማጭ ማንም አላማከረውም። ማይስፔስ የተባለው ድርጅት ደግሞ ሰዎች ከ2003 እስከ 2015 ድረስ ያኖሩበትን ዘፈን፥ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ሲያዛውር እንዳጠፋው እ.ኤ.አ. በ2019 አስታወቀ። በሀገራችንም በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ማለቂያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቈይ፥ ከራዲዮ በቀር ዘፈን የነበረው በስልኩ ወይም በመደርደሪያው አስቀድሞ ያስቀመጠ ሰው ብቻ ነበር።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። ዛሬ በስልክ በቀላሉ የምንሰማቸው አሮጌ ዘፈኖች ከሰማይ አልወረዱም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. በ1984 የማሕሙድ አሕመድ ሸክላ እጁ ገባ። «ኧረ መላ መላ» በ1986 በቤልጅግ አገር እንደገና ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሲዲ መውጣት ጀመረ። ያን ሸክላ አንድ ሰው አሮጌ ነው ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ምን በሆነ ነበር?

ይሁን እንጂ ዕቃው ራሱ አያረጅም ብሎ መከራከር ትልቅ ስሕተት ነው። የካሴት ክር ስፋቱ አራት ሚሊሜትር የማይሞላ ቀጭን ፕላስቲክ ሲሆን፥ ድምፁ ያለው በላዩ በተለበጠው የብረት ኦክሳይድ ዱቄት ላይ ነው። ሙቀት ያጣምመዋል፤ እርጥበት ያሻግተዋል። የ90 ደቂቃው ክር ከ60 ደቂቃው ይልቅ የሳሳ ስለ ሆነ ቶሎ ይሳባል፥ ይጠላለፋልም። ከመምህራችን የተዋስነው ቴፕ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ሦስት ካሴት በላብን። (በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መዝሙር የሚሰማበት አሮጌ ቴፕ ስለ ነበረ፥ የተበላ ካሴት በእስክርቢቶ ማጠንጠን የተረኛ ሥራ ነበር፤ ስለዚህ እጃችን አልጠፋበትም።) ሸክላ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን በቁሙ ካልተደረደረ ይጐብጣል።

እንግዲህ ሁለቱም ጠፊ ከሆኑ፥ ተገቢው ጥያቄ «የትኛው ድምፅ ይጣፍጣል?» የሚለው አይደለም። ይህን ጥያቄ አንሥተው የሸክላ ድምፅ ይሞቃል እያሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ ጓደኞች አሉን፤ ለእነርሱ እንተወዋለን። እኛ በእያንዳንዱ ካሴት ላይ የጠየቅነው «ይህ ድምፅ ሌላ ቦታ ይገኛል ወይ?» ብለን ነው። የዘፋኙን ስምና ዝርዝሩን ከልባሱ እያነበብን በኢንተርኔት ስንፈልግ፥ ከ61ዱ ካሴት የ40ዎቹ ዘፈን በሙሉ ተገኘ። እነዚህን ለቆራሌው ለይተን በፌስታል አሰርናቸው።

ስሕተታችን የታወቀን በማግስቱ ነው። በሙዚቃ ቤት የሚሸጥ ካሴት በጀርባው ጠርዝ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ይህም ማንም ሰው ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳበት ነው። ጓደኛችን ፌስታሉን ሲያነሣ፥ በአንዱ ካሴት ቀዳዳ ውስጥ ወረቀት ተጠቅጥቆ አየ። ቀዳዳው ከተደፈነ ቴፑ እንደ ባዶ ካሴት ቈጥሮ ይቀዳበታል። አጫወትነው። በ«ሀ» ገጽ በልባሱ ላይ የተጻፈው ዘፋኝ ነበር። በ«ለ» ገጽ ግን የአንድ ጐልማሳ ድምፅ ተሰማ፤ ከጅዳ በሰው እጅ የተላከ ደብዳቤ ነው። በዚያን ዘመን ስልክ ውድ ስለ ነበረ በካሴት መላላክ የተለመደ ነበር። ሰውየው ዘመዶቹን በየስማቸው ጠርቶ ሰላም ካለ በኋላ «ላሜ ወለደች ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ልባስ ማመን ተውን። 61ዱንም ካሴት በሁለቱም ገጽ፥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዳመጥን፤ ይህም ከሁለት ወራችን አብዛኛውን ወሰደ። እንዲህ ያሉ ሌሎች አራት ተገኙ፤ አንዱ የሠርግ ጭፈራ ነው። እንግዲህ ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው የምንመክረው፥ የሚያውቀውን ዘፈን ትቶ ካልታወቀው፥ ካልተጻፈበትና ቀዳዳው ከተደፈነው እንዲጀምር ነው። የቴፑን ራስ በአልኮልና በጥጥ ጠርጎ፥ ከቴፑ ወደ ኮምፒዩተር ሽቦ ዘርግቶ ይቅዳ። በሲዲ ጥራት፥ ማለት በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ፥ አንድ ሰዓት ድምፅ 635 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ 32 ጊጋባይት ፍላሽ 50 ሰዓት ይይዛል። ፍላሽም ስለሚበላሽ ቅጂው በሁለት ቤት ይቀመጥ።

ሸክላዎቹን 14ቱንም ያስቀረናቸው ዘፈኑ ስለ ታጣ አይደለም፤ ብዙው ይገኛል። ነገር ግን በኢንተርኔት ካገኘናቸው መካከል አጃቢው ማን እንደ ነበረ፥ መቼ እንደ ታተመ የማይናገሩ፥ የተናገሩትም እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ሞልተዋል። በሸክላው እምብርት ላይ ያለችው ክብ ወረቀት ግን የአሳታሚውን ስምና ቍጥር ይዛለች። ሙዚቃን ለሚያጠና ተማሪ ይህች ወረቀት ከዘፈኑ አታንስም።

የቀሩትን 36 ካሴቶች አክስታችን እንዳዘዙት ለቆራሌው ሰጠን፤ በዚህ አላዘንንም። የጅዳውን ካሴት ከቴፑ ጋር ይዘን ወደ አዲሱ ቤት ወጣን። ድምፁ እንደ ተጀመረ «ወንድሜ ነው» አሉ። ስለ ላሚቱ ሲጠይቅ «ወልዳ ነበር» ብለው ለካሴቱ መለሱለት። ቅጂው በፍላሽም በስልክም እንዳለ ብንነግራቸው፥ በዚያው በቴፑ ደጋግመን እንድናጫውትላቸው ፈለጉ። ስንወጣ ቴፑን ለማንሣት አልደፈርንም፤ እስከ ዛሬም እርሳቸው ዘንድ ስለ ሆነ መምህራችን እንዲታገሡን እንለምናለን።