ቡትሱን ገልብጣችሁ እዩት

የካውቦይ ቡትስ ሹል አፍንጫና ዘመም ያለ ታኮ ያለው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እግር እርካብ ውስጥ ቶሎ እንዲገባ፣ አልፎም እንዳይሾልክ ነው። እዚህ ዳላስ ያደገው የ15 ዓመት የልጅ ልጄ ግን ፈረስ የለውም። የሚፈልገው ጓደኞቹ ስላደረጉት ነው፤ ያውም በልኩ የተሰፋ።

በልክ የሚሰፋ ቡትስ ደግ ነገር ነው። ሰፊው ሁለቱንም እግር ለየብቻ ይለካል፤ ቆዳውን በዚያው ልክ በተዘጋጀ ፎርማ ላይ ይወጥራል። ወራት ያስጠብቃል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። ገና ለሚያድግ እግር ይህን ማውጣት፣ አትቀየሙኝና፣ ገንዘብ መበተን ነው።

አሮጌ እንፈልግ አልኩ። ልጄ፣ የልጁ እናት፣ “የሰው ልባሽ?” ብላ ፊቷን ቋጠረች።

አሮጌ ስትገዙ መጀመሪያ ገልብጡት። የጥሩው ሶል ቆዳ ነው፤ ወገቡ ላይ ትናንሽ የእንጨት ችንካሮች ተደርድረው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ሶሉ ቢያልቅም ይቀየራል። ቆዳው እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ ግን ማንም የሠራው ቢሆን ተዉት። እጃችሁን እስከ አፍንጫው ሰዳችሁ ገበሩን ዳብሱ። ቁጥሩን አትመኑ፤ ልጁ አድርጎት ይራመድ። የእግሩን ጀርባ ጠበቅ አድርጎ ሊይዘው ይገባል። ተረከዙ ጥቂት ብድግ ቢል አያሳስብም፤ ጣቶቹ ከተጨናነቁ ግን “ሲለበስ ይለቃል” ብላችሁ አትጽናኑ።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ኤል ፓሶ የተሠራ ቡናማ አገኘን፤ 90 ዶላር። ሶሉን ለማስቀየር ከዚያ በላይ ተጠየቅን። የከፈለችው “ልባሽ” ያለችው ልጄ ናት፤ የልጁ ታናሽ ወንድም ደግሞ ከአሁኑ ተራ ይዟል።