ሶሻሊዝም፦ ትርጉሙና የኤኮኖሚ ፈተናው

«ሶሻሊዝም» የሚለው ቃል በእኛ ትውልድ ዘንድ ለአንዱ ተስፋ፣ ለሌላው መርገም ሆኖ ስለ ቆየ፣ ትርጉሙን ሳናጠራ ስለ ውጤቱ ብንከራከር መደማመጥ አንችልም።

በጥብቅ ትርጉሙ ሶሻሊዝም ማለት መሬት፣ ፋብሪካና ሌሎች ዋና ዋና የማምረቻ መሣሪያዎች ከግለሰብ ይዞታ ወጥተው የኅብረተሰቡ የጋራ ሀብት የሚሆኑበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ ስዊድንን ሶሻሊስት ማለት ስሕተት ነው፤ በዚያ አገር መንግሥት በከፍተኛ ግብር ጤናንና ትምህርትን ያዳርሳል እንጂ አብዛኛው ኩባንያ የግል ነው።

ሥርዓቱ በኤኮኖሚ ረገድ ይሳካል ወይ? ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ፎን ሚዝስ በ1920 እ.ኤ.አ. የማምረቻ መሣሪያዎች የማይሸጡና የማይገዙ ከሆነ እውነተኛ ዋጋ አይኖራቸውም፤ ያለ ዋጋም የሚያዋጣውን ከሚያከስረው መለየት አይቻልም ሲል ተከራከረ። ፖላንዳዊው ኦስካር ላንገ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የፕላን ባለ ሥልጣኑ እጥረት ሲያይ ዋጋን ከፍ፣ ትርፍ ሲከማች ዝቅ እያደረገ ችግሩን ሊፈታው ይችላል ብሎ መለሰ።

የአገራችን ተሞክሮ ከሁለቱም ክርክር ያመለጠ አንድ ጉዳይ ያሳየናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ከባላባቱ አላቅቆታል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ኋላ ግን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው እህል በኮታ፣ ከገበያ በታች በሆነ ቁርጥ ዋጋ ይሰበስብ ጀመር። ምርቱ ከኮታው ያነሰበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ እስከ ማስረከብ ደረሰ። ዋጋው ሳይስተካከል የቆየው ስሌቱ ስለ ጠፋ ብቻ አልነበረም፤ ርካሽ እህል የሚሻው ከተሜና ሠራዊት ለሥልጣን ቅርብ ሲሆን፣ ገበሬው አቤት የሚልበት ስላልነበረው ጭምር ነው። የኮታው ሥርዓት የቀረው ደርግ ራሱ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኤኮኖሚን ሲያውጅ ነበር።

ከዚህ የምንደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ የኅብረተሰቡ ሀብት የተባለው በመንግሥት እጅ ከገባና መንግሥቱ ለኅብረተሰቡ ተጠያቂ ካልሆነ፣ ባላባቱ ተለወጠ እንጂ ሀብቱ የጋራ አልሆነም። ስሌቱን የሚያርመው ነፃ ዋጋ፣ ባለ ሥልጣኑን የሚያርመው ነፃ ሕዝብ ነው። ሁለቱን ያጣ ማዕከላዊ ፕላን ሊሳካ አይችልም፤ ሁለቱን ያሟላ ሥርዓት ደግሞ ከሶሻሊዝም ይልቅ ቅይጥ ኤኮኖሚን ይመስላል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት ዛሬም የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው። ከእነዚህ ከሁለቱ ባለቤቶች በተግባር የሚያዝበት የትኛው ነው? የምሁራን ክርክር ከዚህ ጥያቄ ቢጀምር እንመርጣለን።