ደም ከማስታወክ በፊት፦ የጉበት ደም ግፊት ከመንዝ ደጋ እስከ ቆላው

መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ላይ አንድ ሰው በድንገት ደም ቢያስታውክ ዘመድ ወዳጁ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ጨጓራን ነው። ጨጓራ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ነገር ግን ሰውየው ሆዱ አብጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ወይም ግራ ጎኑ ከብዶት የከረመ ከሆነ ደሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ በጉሮሮና በጨጓራ መጋጠሚያ ላይ ካበጡ ደም መላሾች። ጤና ጣቢያው ግሉኮስ ተክሎ ሪፈር ይጽፋል። ደም የሚፈስበትን ቦታ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ) አይቶ፣ በትንሽ የላስቲክ ቀለበት አንቆ የሚያስር ሐኪም ግን በየወረዳው የለም። ሕክምናው ታካሚው ሆስፒታል በደረሰ በ12 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ከመንዝ ደጋ ለሚነሳ ሰው ግን ይህ ሰዓት መቆጠር ከመጀመሩ በፊት መንገዱ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበላል። ስለዚህ በዚህ በሽታ፣ በጉበት ደም ግፊት፣ ላይ ትልቁ ሥራ ደሙ ከመፍሰሱ በፊት ያለው ነው።

ከአንጀት፣ ከጨጓራና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። ፖርታል ቬይን በሚባል ትልቅ ደም መላሽ ተሰብስቦ መጀመሪያ በጉበት ውስጥ ያልፋል። ጉበት በጠባሳ ሲጠነክር መተላለፊያው ይጠባል፤ ደለል እንደሞላው ቦይ፣ ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ በየጎኑ መውጫ ይፈልጋል። በጤነኛ ሰው ወደ ጉበት በሚገባውና ከጉበት በሚወጣው ደም መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ከ5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። 10 ሲደርስ ሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠርና የደም መላሾች እብጠት ይጠበቃል፤ ከ12 ሲያልፍ ያበጡት ሊፈነዱ ይችላሉ። ይህ ግፊት ክንድ ላይ ከሚለካው የደም ግፊት ጋር አንድ አይደለም። ክንዱ ላይ 110 በ70 የሆነ ሰው ጉበቱ ላይ አደገኛ ግፊት ሊኖርበት ይችላል።

የጉበት ደም ግፊት መንስኤ በአገራችን አንድ ዓይነት አይደለም። ፕሮፌሰር እደማርያም ፀጋን የመሰሉ ሐኪሞች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጉበት በሽታ መንስኤዎችን ማጥናት ከጀመሩ ወዲህ በተደጋጋሚ ከፊት የሚመጣው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ የስርጭቱን መጠን 7.4 ከመቶ አድርሶታል። ቫይረሱ ደጋ ቆላ አይልም። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል፤ በሕፃንነት፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ባልተቀቀለ ስለትም እንዲሁ። ዋግምት፣ እንጥል ማስቆረጥና አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው መጠቀም ለዚህ በር ይከፍታሉ። የወፍ በሽታ ነው ተብሎ ቅጠል የሚጠጣ ሰውም ሁለት ጉዳት ሊያገኘው ይችላል፤ ጊዜው ያልፍበታል፣ አንዳንዱ ቅጠል ደግሞ ራሱ ጉበት ይጎዳል።

ሁለተኛው መንስኤ ቢልሃርዝያ ነው፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ከመንዝ ሰው ኑሮ ጋር ይያያዛል። ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋው ደጋ ላይ በሽታው አይተላለፍም፤ አስተላላፊው ቀንድ አውጣ የሚመቸው ሞቅ ያለ የቆላና የወይና ደጋ ውሃ ነው። ከሚሴ፣ ሐይቅ፣ ጣና ዙሪያና ሳንጃ የታወቁ ቦታዎች ናቸው። ለቀን ሥራ ወይም ለእርሻ ወርዶ የከረመ ደገኛ ትሉን ይዞ ሊመለስ ይችላል። የትሉ እንቁላሎች በደም ተወስደው በጉበት ውስጥ ባሉ ትንንሽ ደም መላሾች ዙሪያ ይቀሩና ጠባሳ ይተክላሉ። ከቆላ ተመልሶ ጣፊያው ያበጠ ሁሉ ወባ ብቻ ነው ማለት ታዲያ አይቻልም። ካላዛርም ጣፊያ ያሳብጣል፤ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የሄደ ሰው ለሐኪሙ ይህንን መንገር አለበት።

ቢልሃርዝያ ጉበትን ሙሉ በሙሉ በጠባሳ ከሚያጠነክረው ከሲሮሲስ የሚለይበት አንድ ነገር ተስፋ ይሰጣል። የጉበቱ ሴሎች በአብዛኛው ጤነኛ ስለሆኑ፣ ደም ያስታወከው ሰው ከዚያች ቀን ከተረፈ ደም መላሾቹ ታስረው ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ የቆየውን ጠባሳ ግን ሁልጊዜ አያጠፋም። ቀድሞ መውሰዱ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያዊውን ሳይንቲስት የአክሊሉ ለማን ሥራ እዚህ ላይ አለማንሳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አየ። ከዚያ ተነስቶ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ። እሱና የሥራ ባልደረባው ለገሰ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያነጡበት ተክል የጉበት ጠባሳን ከምንጩ ሊከላከል መቻሉ የዓለም ሳይንስ ሊኮራበት የሚገባ ግኝት ነው፤ እኛ ግን በቂ አልሠራንበትም።

ከነዚህ ውጭ ያሉት በየአካባቢው ይለያያሉ። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ፀዓዳ እምባ በምትባል መንደር ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሆድ እያበጠ ሰው ሲሞት፣ መንስኤው ከእህል ጋር የተቀላቀለ መርዛማ አረም መሆኑን ምርመራዎች አመለከቱ። በሐረር አካባቢ በጉበት ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ከጫት ብዛት ጋር ዝምድና አግኝቷል። አረቄ ያለ ልክ መጠጣትም ጉበት ይጨርሳል።

በሽታው በምርመራ አልጋ ላይ እንዲህ ይታያል። ሐኪሙ በሽተኛውን በጀርባው አስተኝቶ ሆዱን በጣቱ ያንኳኳል፤ ጎኑ ላይ ድፍን ድምፅ ከሰማ በጎኑ አዙሮ ደግሞ ያንኳኳል፤ ድምፁ ቦታ ከቀየረ ሆዱ ውስጥ ውሃ አለ ማለት ነው። ከዚያ በቀጭን መርፌ ውሃው ይቀዳል። ይህች እርምጃ በእኛ አገር ዋጋዋ ብዙ ነው፤ የሆድ ቲቢም ውሃ ያስቋጥራልና። የደሙ አልቡሚን (የፕሮቲን ዓይነት ነው) ከውሃው አልቡሚን በ1.1 ግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ነገሩ ወደ ፖርታል ግፊት ያመዝናል፤ ካነሰ ወደ ቲቢና ሌሎች። በውሃው ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር 250 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢንፌክሽን ነው፤ አንቲባዮቲክ ሳይዘገይ ይጀመራል። ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ሕመምተኛው ግራ ሲጋባ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ሲነቃ፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ቤተሰብ ክፉ መንፈስ ነው ብሎ ሊፈራ ይችላል። ብዙ ጊዜ ጉበቱ ያላጣራው መርዝ አንጎሉን ነክቶት ነው፤ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን ወይም የደም መፍሰስ ያባብሰዋል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ሊተው አይገባም።

ስለ ምግብ ግልጽ ልናገር። ጨው መቀነስ ግድ ነው፤ ጨው በበርበሬም፣ በሽሮም፣ በበሶም ውስጥ ስለሚኖር ለሕመምተኛው ለብቻው ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ነገር ግን ምግብ ከልክሎ ማስራብ ጥፋት ነው። የጉበት ታማሚ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ጥሩ ምንጭ ናቸው። እስከ ከሰዓት የሚዘልቅ ጾም ግን ጡንቻውን ያመነምነዋልና ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ቢያስተካክል መልካም ነው። ከመተኛቱ በፊት ትንሽ መቅመስም ይጠቅማል።

ወደ መጀመሪያው ሐሳብ፣ ደሙ ከመፍሰሱ በፊት ወዳለው ሥራ፣ ልመለስ። ግፊቱን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ በወረዳ አይጠበቅም፤ ተራ የደም ምርመራ ግን አለ። ፕላትሌት (ደም የሚያረጉት ሴሎች) በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ከ150,000 በታች ወርዶ ጣፊያ ካበጠ መጠርጠር ይገባል። ፕሮፕራኖሎልና ካርቬዲሎል የፖርታል ግፊትን የሚቀንሱ፣ ርካሽና በክኒን የሚወሰዱ መድኃኒቶች ናቸው፤ ፕሮፕራኖሎል ዳግም የደም መፍሰስን እንደሚከላከል ፈረንሳዊው ዲዲየ ለብሬክና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ አሳይተዋል። አስም ወይም ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ሰው ግን በሐኪም ካልታየ አይጀምርም።

ለሄፓታይተስ ቢም ቴኖፎቪር የተባለ መድኃኒት አለ። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው የሕክምና ፕሮግራም ይህ በኢትዮጵያ ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ከእሱ የወጡ ጥናቶች የዓለም ጤና ድርጅት የያኔው መስፈርት ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚያልፍ ገልጸዋል፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2024 መስፈርቱን አሰፋ። ለሕፃናት ክትባቱ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአምስቱ ጥምር ክትባት ውስጥ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን ግን በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ መስጠት የተሻለ ነው።

ዘመሮም ሆነ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ ወይም ራቤል የምትኖሩ አንባቢዎች፦ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ካላደረጋችሁ አድርጉ። በቤታችሁ በጉበት የታመመ ካለ መላው ቤተሰብ ይመርመር፤ ነፍሰ ጡር ካለች ቀድማ ትመርመር። ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ ከታየ ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ።