ጥራዝ ሰፊ እንጂ ጥራዝ ነጠቅ አናሳድግ

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መኪናዬን ስጠርግ ከኋላው ወንበር ሥር ሰባት ወረቀቶች አገኘሁ። ሁሉም ከሰንበት ትምህርት ቤት የታደሉ፣ በፎቶ ኮፒ የተባዙ የፊደል መልመጃዎች ናቸው። አንዱ ላይ የጫማ ዳና አርፎበታል፤ ሌላው ላይ ቡና ፈስሶበታል። የአሥራ አንድ ዓመቷን ልጄን ጠርቼ «ይኼ ምንድነው?» ብላት፣ «ወረቀት ነዋ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የሰጠናት ወረቀት ነው።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ሠላሳ ዓመት ከሞላት በኋላ፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ነው። ዛሬም ለልጅ ልጇ በእጇ ጽፋ ሰው ሲመጣ ትልካለች። ዋሽንግተን አጠገብ የምታድገው ልጄ ግን ደብዳቤውን ወደ እኔ ዘርግታ «አንብብልኝ» ትላለች። አማርኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ፊደሉ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚባለው እንዲህ ያለው አይደል?

ጉዳዩን የወላጆች ስብሰባ ላይ አነሳሁት። ገሚሱ «በእንግሊዝኛ ይማሩና ይገላገሉ» አለ። ገሚሱ «ሱቁ ደብተር ሞልቶ የለም እንዴ? ገዝቶ መስጠት ነው» አለ። ይህን ጊዜ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ አንድ አዛውንት ከኋላ ሆነው «ለመሆኑ ጥራዝ ነጠቅ የሚባለው ስድብ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥራዝ ታጥፎ የሚሰፋው የመጽሐፍ ክፍል ነው። ሙሉውን ሳይማር አንዷን ጥራዝ ነጥቆ የሄደ፣ ጥራዝ ነጠቅ ይባላል። «እናንተማ ለልጆቹ ጥራዝ እንኳ አልሰጣችኋቸውም። ቅጠል ቅጠሉን ነው የምታድሏቸው። በሉ ደብተራቸውን ራሳቸው ይስፉት» አሉና ተቀመጡ።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የግዕዝ ወንጌሎች ብራናቸው በሬዲዮ ካርቦን ተመርምሮ፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። የእኛ ጸሐፊ የፍየል ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ብራና ያደርጋል፤ መስመሩን አስምሮ በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ቅዱሳን ስሞችን በቀይ ያደምቃል። ከዚያ ጥራዝ ከጥራዝ በሰንሰለት ስፌት ይያያዝና የእንጨት ገበታው በዚያው ክር ይታሰራል። እንዲህ የተሰፋ መጽሐፍ ሲከፈት ጠረጴዛው ላይ ዝርግት ብሎ ይተኛል። ለሚጽፍ ልጅ ከዚህ የሚሻል የለም።

እኛ ብራናም ዋንዛም የለንም። ያለን የቢሮ ወረቀት፣ የዕቃ ካርቶን፣ ወፍራም ክር፣ መርፌና ከአንዲት እናት የሞሰብ መስፊያ ዕቃ የተገኘ ወስፌ ነው። ለአንድ ደብተር 16 ወረቀት ይበቃል። አራት አራቱን ደራርቦ ከመካከል ማጠፍ ነው፤ አራት ጥራዝ፣ 64 ገጽ ይወጣዋል። 33ቱ ገጽ ለ33ቱ ፊደላት ነው፤ በእያንዳንዱ አንድ ፊደል ከነሰባት ቤቱ ይጻፋል። 13 ገጽ ለ13ቱ ወራት ከነበዓላቱና ከነአጽዋማቱ ተሰጠ። ከቀሩት 18 ገጾች አንዱ የስም መጻፊያ ሲሆን፣ 17ቱ ባዶ ናቸው፤ ልጁ የፈለገውን ይጻፍባቸው።

ማጠፊያው ላይ በወስፌ አራት ቀዳዳ ይበሳል። የአራቱም ጥራዝ ቀዳዳ እንዲገጥም ከካርቶን አንድ መለኪያ መቁረጥ ግድ ነው። ክሩ በሻማ ሰም ይታሻል፤ ያለዚያ ይተረተራል። መርፌው ከጥራዙ ወጥቶ በፊተኛው ጥራዝ ስፌት ሥር ይሾልክና ይመለሳል፤ ሰንሰለቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ካርቶኑን በአሮጌ ነጠላ ጥለት ለበጥነው።

የመጀመሪያው ቀን ግን አፈርኩ። በጋዜጣ ቤት ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው፣ ገጾቹን በተራቸው ሁለት ሁለት አድርጌ አትሜ አመጣሁ። ልጆቹ አጥፈው ሲሰፉት ደብተሩ በ«ለ» ጀመረ፤ «ሀ» ከጥራዙ መጨረሻ ተገኘች! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አስቀድሞ ባዶ ወረቀት አጥፎ ገጾቹን በእርሳስ መቁጠር፣ ከዚያ ፈትቶ ቁጥሩ እንደሚያዘው ማተም። የሚገርመው፣ በዚያ ስህተት ሳቢያ የ«ሀ»ን ቦታ የረሳ ልጅ የለም።

ሁሌ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚቀመጥ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ አለ። ክር ሲበጠስበት ሦስት ጊዜ ፈትቶ እንደገና ሰፋ። አዛውንቱ ስለ ቀይ ቀለም ሲያጫውቱት ቀይ ብዕር ተበደረ። ከዚያን ቀን ወዲህ የእግዚአብሔርንና የማርያምን ስም በቀይ ሳይጽፍ አያልፍም፤ ለታናናሾቹም ወስፌ አያያዝ የሚያሳየው እሱ ነው።

ተአምር ሆነ አልላችሁም። ከጀመሩት 19 ልጆች አራቱ አልጨረሱም። አንዳንዱ ወላጅ ዛሬም «ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ነገር ግን ልጅ የታደለውን ወረቀት ይጥላል እንጂ፣ ጣቱን በመርፌ እየተወጋ የሰፋውን ደብተር አይጥልም። ፊደሉን የራሱ ሀብት አድርጎ የሚያየው ያኔ ነው። የአንዱ ደብተር ወጪም ከአንድ ዶላር ብዙ አላለፈም። በየከተማችሁ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህ ከአቅማችሁ በላይ አይደለምና ሞክሩት።

ባለፈው ወር የእናቴ ደብዳቤ ደረሰ። ልጄ ይዛው ክፍሏ ገባች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከባዶዎቹ ገጾች በአንዱ ላይ «እማማ ደብደቤሽን ራሴ አነበብኩት» ብላ ጽፋ ወጣች። ፎቶ አንስተን በስልክ ላክነው። እናቴ በድምፅ መለሰች፤ መጀመሪያ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራች አነበበችው። ቀጥላም «የኔ ልጅ፣ ዳ ነው የሚባለው፣ ደ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጄ የ«ደ»ን ገጽ ገልጣ፣ አራተኛው ቤት ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ «ዳ»ን ደጋግማ ጻፈች።