ዋጋ ለማረጋጋት የተቋቋመው የሲንጋፖር ሱፐርማርኬት

ከምግብ ፍጆታዋ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ከውጭ በምታስገባው ሲንጋፖር የሩዝና የዘይት ዋጋ የቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የመንግሥትም ጉዳይ ነው። የቆዳ ስፋቷ 730 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ይህች ደሴት አገር የሚበቃ የእርሻ መሬት የላትም። በጎረቤት አገር የሚከሰት ድርቅ፣ በባሕር መስመር ላይ የሚፈጠር መስተጓጎል ወይም የሌላ መንግሥት የወጪ ንግድ እገዳ በቀናት ውስጥ ገበያዋን ይነካል። በዚህች አገር በስፋቱ ቀዳሚ የሆነው የሱፐርማርኬት ድርጅት ግን የውጭ ኩባንያ ወይም የአንድ ባለሀብት ቤተሰብ ንብረት አይደለም። ፌርፕራይስ የተሰኘው ይህ ድርጅት በሠራተኛ ማኅበራት የተመሠረተ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን፣ ስያሜውም "ትክክለኛ ዋጋ" የሚል ትርጉም አለው።

የድርጅቱን አመሠራረት ለመረዳት በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው) ሲንጋፖር የነበረችበትን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። አገሪቱ በ1965 ከማሌዥያ ተነጥላ ነፃነቷን ባወጀች በሦስተኛው ዓመት፣ በ1968፣ እንግሊዝ የጦር ሠፈሮቿን እንደምትዘጋ አስታወቀች። ሠፈሮቹ ለብዙ ሺህ ዜጎች የእንጀራ ገመድ ስለነበሩ መንግሥት የውጭ ኢንቨስትመንት በፍጥነት መሳብ ነበረበት። በዚያው ዓመት የወጣው የሥራ ቅጥር ሕግ ለአሠሪዎች ሰፋ ያለ ሥልጣን ሲሰጥ፣ የሠራተኛ ማኅበራት በድርድርና በሥራ ማቆም ሊያስገኙ የሚችሉትን ጥቅም አጠበበ። ለአባላቱ የደመወዝ ጭማሪ ማስገኘት ያልቻለ ማኅበር ምን ሊያደርግላቸው ይችላል የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው።

ብሔራዊ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት በኅዳር ወር 1969 ትልቅ ጉባኤ ጠራ። በጊዜው ኮንግረሱን ይመሩ የነበሩት በኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ዴቫን ናየር ናቸው። የሲንጋፖርን የኢኮኖሚ ፖሊሲ በመቅረጽ የሚታወቁት ጎህ ኬንግ ስዊ በጉባኤው ተገኝተው ማኅበራቱ ወደ ኅብረት ሥራ እንዲገቡ መከሩ። ሐሳቡ የሠራተኛውን ኑሮ በኪሱ በሚገባው ገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን ከኪሱ በሚወጣውም በኩል ማሻሻል ይቻላል የሚል ነበር። በዚህ መሠረት በ1970 የኢንሹራንስ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኢንካም እና የታክሲ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኮምፎርት ተቋቋሙ። የሸቀጥ ንግዱ ተራ የደረሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

የ1973 የዋጋ ንረት ለብዙ አገሮች ከባድ ነበር፤ ለሲንጋፖር ደግሞ የባሰ ሆነ። በዚያ ዓመት የዋጋ ግሽበቱ ወደ 20 በመቶ የተጠጋ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ከ22 በመቶ በላይ ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 1973 ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኩዋን ዪው "ዌልካም" የተሰኘውን የመጀመሪያውን የኮንግረሱን ሱፐርማርኬት ቶዋ ፓዮህ በተባለው የመኖሪያ ሠፈር መርቀው ከፈቱ። ሱቁ በተከፈተ በሦስተኛው ወር የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ፈንድቶ የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የሥራው ዓላማ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

የቦታው ምርጫ በአጋጣሚ የተደረገ አልነበረም። ቶዋ ፓዮህ የመንግሥት የቤቶች ልማት ቦርድ ከገነባቸው የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የመኖሪያ ከተሞች አንዱ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ከጎስቋላ ሠፈሮች ተነስተው በፎቅ ቤቶች የሠፈሩ ሠራተኞች ነበሩ። በዚያን ዘመን ሱፐርማርኬት የሚባለው ነገር በውጭ ዜጎችና በሀብታሞች አካባቢ የሚገኝ፣ ዋጋውም ከተራው ሸማች አቅም በላይ የሆነ የገበያ ዓይነት ነበር። ሠራተኛው የሚገዛው ከሠፈር የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅና ከጉልት ነው። ኮንግረሱ ያደረገው የሀብታሙን የገበያ ዓይነት ወስዶ በሠራተኛው ደጃፍ በሠራተኛው ዋጋ መክፈት ነበር።

አንድ ሱቅ የአገር ገበያን ዋጋ እንዴት ሊገታ ይችላል? አሠራሩ ሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛው በብዛት መግዛት ነው። ከአስመጪው ወይም ከአምራቹ በቀጥታ በብዛት የሚገዛ ድርጅት በመካከል ያሉ ደላሎችና አከፋፋዮች የሚወስዱትን ድርሻ ያስቀራል። ሁለተኛው በትንሽ ትርፍ መሸጥ ነው። አባላት ትርፍ ለማካበት ሳይሆን ርካሽ ሸቀጥ ለማግኘት ስለተሰባሰቡ፣ እንደ አክሲዮን ኩባንያ በየሩብ ዓመቱ የትርፍ ዕድገት የሚጠይቅ ባለድርሻ የለም። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ድርጅቱ ለሌሎች ነጋዴዎች የሚፈጥረው ማነጻጸሪያ ነው። አንድ ኪሎ ሩዝ በኅብረት ሥራ ሱቅ በታወቀ ዋጋ ተለጥፎ ሲታይ፣ በአጠገቡ ያለ ቸርቻሪ እጥረትን ምክንያት አድርጎ ዋጋውን በእጥፍ ለመጨመር ይቸገራል። ይህ ውጤት የሚገኘው ግን ሸቀጡ በመደርደሪያው ላይ በእርግጥ ካለ ብቻ ነው። ዋጋው ርካሽ ሆኖ ሸቀጡ የሌለበት ሱቅ ለነጋዴው ማነጻጸሪያ አይሆንም፤ ለሕገወጥ ንግድ ግን በር ይከፍታል። የፌርፕራይስ ታሪክ ከዋጋ ታሪክ ይልቅ የአቅርቦት ታሪክ የሚሆነውም በዚህ የተነሳ ነው።

ከትርፉ የሚገኘው ክፍፍልም የራሱ ሥርዓት ነበረው። አባላት ባዋጡት ዕጣ ልክ ከሚያገኙት በተጨማሪ በዓመቱ በገዙት ሸቀጥ መጠን የሚታሰብ ተመላሽ ይከፈላቸው ነበር። በኢትዮጵያም የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት በተሳትፎ መጠን የሚሰላውን ክፍፍል ስለሚያውቁት አሠራሩ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይደለም።

ጅምሩ ግን እንቅፋት ያልገጠመው አይደለም። ከኮንግረሱ ሱቅ ሌላ የአቅኚ ኢንዱስትሪዎች ሠራተኞች ማኅበርና የሲንጋፖር ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ድርጅት የተባሉት ትልልቅ ማኅበራትም የየራሳቸውን ሱፐርማርኬቶች ከፍተው ነበር። ሁለቱንም ይመሩ የነበሩት፣ የፓርላማ አባልም የነበሩት ፌ ዩ ኮክ በ1979 መጨረሻ የማኅበራቱን 83 ሺህ የሲንጋፖር ዶላር አጉድለዋል፣ 18 ሺህ ዶላር ደግሞ ያለ ሚኒስትር ፈቃድ በአንድ የግል ሱፐርማርኬት ላይ አውለዋል በሚል ክስ ተመሠረተባቸው። ሰውየው በዋስ ተለቀው ሳለ በ1980 መጀመሪያ ከአገር ጠፉ። ከ35 ዓመታት ስደት በኋላ በ2015 ባንኮክ በሚገኘው የሲንጋፖር ኤምባሲ እጃቸውን ሰጥተው በጥር ወር 2016 የ60 ወራት እስራት ተፈረደባቸው። በሠራተኛ መዋጮ የሚንቀሳቀስ ንግድ በአንድ ሰው እጅ ሲገባ የሚያስከትለው አደጋ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም። የማኅበራቱ ሱቆች ከዚህ በኋላ በአንድ የሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥር የተጠቃለሉ ሲሆን፣ ይህም ማኅበር በግንቦት ወር 1983 ከዌልካም ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ፌርፕራይስ ተመሠረተ። አነስተኛና ተፎካካሪ የነበሩት የማኅበራት ሱቆች የመግዛት አቅም በአንድ ላይ የተሰበሰበው በዚህ ውሕደት ነው።

ከውሕደቱ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ሆነ። በ1985 ድርጅቱ በራሱ ስም የታሸጉ ሸቀጦችን ለገበያ አቀረበ። ለማስታወቂያ የሚወጣ ገንዘብ ስለሌለባቸው ከታወቁት ምርቶች ባነሰ ዋጋ የሚሸጡት እነዚህ ሸቀጦች ዛሬም የዋጋ ፖሊሲው ዋና መሣሪያ ናቸው። በ1998 የሸቀጥ ማከማቸትና ማጓጓዝ ሥራውን የሚያከናውን የራሱን ኩባንያ አቋቋመ።

ይህ የመጋዘን ሥራ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በ2003 ታየ። በሚያዝያ ወር የሳርስ በሽታ ፓሲር ፓንጃንግ ወደተባለው የጅምላ ገበያ በመግባቱ መንግሥት ገበያውን ዘጋው። ወደ ሲንጋፖር የሚገባው አትክልት በአብዛኛው የሚያልፈው በዚሁ አንድ ገበያ ስለነበር፣ መዘጋቱ አገሪቱ በአንድ በር ላይ ብቻ መንጠልጠሏን አጋለጠ። ፌርፕራይስ የራሱን የትኩስ ምግቦች ማከፋፈያ ማዕከል ሥራ ያስጀመረው በዚሁ ዓመት ነው። በ2006 ሰፋፊ የገበያ አዳራሾችን፣ በ2007 ደግሞ ከፍ ያለ ገቢ ላላቸው ሸማቾች የሚያገለግሉ መደብሮችን ጨመረ። ለሠራተኛ የተቋቋመ ድርጅት ስለምን ለባለጸጋ ሱቅ ይከፍታል የሚል ትችት መነሳቱ አልቀረም። ገቢው ከፍ ካለው ሸማች የሚገኘው ትርፍ የመሠረታዊ ሸቀጦችን ዋጋ ዝቅ ለማድረግ ይረዳል የሚለው መከራከሪያ ግን ከንግድ አንጻር ውሃ የሚያነሳ ነው።

የውጭ ተፎካካሪዎችም ቀላል አልነበሩም። የፈረንሳዩ ካርፉር በ1997 ገብቶ በ2012 ለቆ ወጣ። ከ1903 ጀምሮ የነበረው ኮልድ ስቶሬጅ እና ጃየንት የተሰኘው ድርጅት ለማሌዥያ ኩባንያ እንደሚሸጡ በ2025 ይፋ ሆኗል። በአንጻሩ በ1985 በአንድ ቤተሰብ የተጀመረው ሼንግ ሲዮንግ በዚያው በመኖሪያ ሠፈሮች በርካሽ ዋጋ እየሸጠ በ2011 የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ገብቷል። ኅብረት ሥራ ሳይሆን ዋጋ መቀነስ እንደሚቻል የሚያሳይ በመሆኑ ፌርፕራይስን የሚፈትነው ዋነኛው ተፎካካሪ ይኸው ነው። ከሁሉም የተጎዱት የሠፈር ሱቆች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው አርጅተው ልጆቻቸው ሥራውን ባለመረከባቸው ላይ የሱፐርማርኬቶቹ መስፋፋት ተጨምሮ ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት ተመናምኗል። ለሸማቹ የተገኘው ጥቅም ለትንሹ ነጋዴ ኪሣራ መሆኑ በእንዲህ ዓይነት ጣልቃ ገብነት የማይቀር ዋጋ ነው።

የድርጅቱ ትክክለኛ መፈተኛ ግን የችግር ቀን ነው። በ2008 የታይላንድ ሩዝ በዓለም ገበያ በቶን ከ900 የአሜሪካን ዶላር በላይ ሲሸጥ በብዙ የእስያ አገሮች ሸማቾች በሰልፍ ተጨናንቀው ነበር። የካቲት 7 ቀን 2020 ሲንጋፖር የኮሮና ቫይረስ የማስጠንቀቂያ ደረጃዋን ወደ ብርቱካናማ ስታሳድግ ደግሞ ሕዝቡ በሰዓታት ውስጥ ሩዝ፣ ፓስታና የመጸዳጃ ወረቀት ለመግዛት ወደ መደብሮች ጎረፈ። ፌርፕራይስ በሁለት ቀናት ውስጥ ለአንድ ሸማች ከሁለት ከረጢት ሩዝና ከአራት ጥቅል ወረቀት በላይ እንዳይሸጥ ወሰነ። ድርጅቱ ሥራውን ያከናወነው ዋጋ በመጨመር ሳይሆን መጠን በመወሰንና መደርደሪያውን ደጋግሞ በመሙላት ነው። ባዶ መደርደሪያ ፍርሃትን ይወልዳል፤ ፍርሃት ደግሞ ሌላ ባዶ መደርደሪያ። ይህ አዙሪት የሚሰበረው በመግለጫ ብቻ ሳይሆን ከመጋዘን በሚወጣ ሸቀጥ ነው። ማሌዥያ በሰኔ ወር 2022 የዶሮ ወጪ ንግድን ስታግድ፣ ሲንጋፖር ካለፈው ዓመት የዶሮ አቅርቦቷ አንድ ሦስተኛ ገደማውን ያገኘችው ከዚህችው ጎረቤት የነበረ ቢሆንም፣ ከብራዚል በሚመጣ የቀዘቀዘ ዶሮና ከሌሎች ምንጮች ጉድለቱን መሸፈን ተችሏል።

በታክስ ረገድም ድርጅቱ የመንግሥትን ፖሊሲ ተቀባይነት ለማቅለል ሲያገለግል ቆይቷል። በ2023 መጀመሪያ የሸቀጦችና አገልግሎቶች ታክስ ከ7 ወደ 8 በመቶ ሲያድግ፣ በ500 መሠረታዊ ሸቀጦች ላይ ጭማሪውን ለስድስት ወራት ራሱ ሸፈነ። ቀደም ብሎ በመጋቢት ወር 2019 የ100 ሸቀጦቹን ዋጋ ለ15 ወራት ላለመጨመር ቃል ገብቷል። እነዚህ እርምጃዎች ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰቦች እፎይታ ቢሰጡም ጊዜያዊ ናቸው፤ የታክስ ጭማሪው ግን ቋሚ ነው።

በሕጉ መሠረት ማንኛውም የሲንጋፖር ኅብረት ሥራ ማኅበር ከትርፉ የመጀመሪያ 500 ሺህ ዶላር 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ካለው ደግሞ 20 በመቶ ለማዕከላዊ የኅብረት ሥራ ፈንድ ወይም ለሲንጋፖር የሠራተኞች ፋውንዴሽን ያስተላልፋል። በ2012 የተቋቋመው ኤን.ቲ.ዩ.ሲ ኢንተርፕራይዝ የኮንግረሱን የንግድ ተቋማት በበላይነት ይመራል። በ2019 ፌርፕራይስ ከኮንግረሱ የምግብ ቤቶችና የደንበኞች የነጥብ ካርድ ድርጅት ጋር በአንድ ቡድን ሥር ተደራጅቷል። ዛሬ ከ100 በላይ ሱፐርማርኬቶች አሉት።

ይህን ያህል ያደገ ድርጅት ከተራ የንግድ ኩባንያ በምን ይለያል የሚለው ጥያቄ በ2024 በታላቅ ወንድሙ በኢንካም ላይ ተነሳ። የኢንሹራንስ ድርጅቱ በ2022 ከኅብረት ሥራነት ወደ ኩባንያነት ተቀይሮ ነበር። የጀርመኑ አሊያንዝ በሐምሌ ወር 2024 በ2 ነጥብ 2 ቢሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ቢያንስ 51 በመቶውን ለመግዛት ሲጠይቅ፣ የቀድሞ የማኅበራት መሪዎችን ጨምሮ ብዙ ዜጎች ተቃወሙ። መንግሥት በጥቅምት ወር ስምምነቱ በቀረበበት መልክ ተቀባይነት እንደማይኖረው ያስታወቀ ሲሆን፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ከሽያጩ በኋላ ከድርጅቱ ካፒታል 1 ነጥብ 85 ቢሊዮን ዶላር ለባለአክሲዮኖች ለመመለስ መታቀዱ ነው። አሊያንዝ በታኅሣሥ ወር ጥያቄውን አነሳ። ፌርፕራይስ ግን እስካሁን የኅብረት ሥራ ማኅበርነቱን ሳይለቅ ይሠራል።